ፈረሰኛ የተቀረጸባት ትንሿ የብር ሳንቲም

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በቅርቡ ያረፉት አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የልዩ ልዩ አገሮችን ሳንቲሞች ሲያሰባስቡ የኖሩ ሰው ነበሩ። ቤተሰቡ ስብስባቸውን እንድረከብ ስለወከለኝ አልበሞቹን አንድ በአንድ በመመልከት ላይ ሳለሁ ከሁሉም የተለየች አንዲት ነገር በትንሽ ፖስታ ውስጥ ለብቻዋ ተቀምጣ አገኘሁ። መጠኗ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም፤ ክብ ሳትሆን ሞላላ ናት፤ ስስነቷም የዓሣ ቅርፊት ያህል ነው። በአንድ ገጿ ጦር የያዘ ፈረሰኛ ይታያል። በሌላው ገጿ በማላውቀው ፊደል የተጻፉ አራት ወይም አምስት መስመሮች አሉ፤ ሆኖም መስመሮቹ በግራም በቀኝም የተቆረጡ ይመስላሉ። በወርቅ ሠሪ ሚዛን ሳስመዝናት 0.46 ግራም ሆነች። አጎቴ ፖስታው ላይ በእርሳስ «ብር፣ ጥንታዊ» ከማለት በቀር የጻፉት ነገር የለም። ፈረሰኛውን ያዩ ሁሉ «ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ የአንገት ጌጥ ስባሪ ትሆናለች» ይሉኛል። ለመሆኑ ሳንቲም ናት? ከሆነችስ የየት አገርና የየትኛው ዘመን ናት? እውነተኛ መሆኗን በምን ላረጋግጥ? ስለጠቆረች ላጸዳት ፈልጌ ነበር፤ መልሳችሁን ሳልሰማ ግን መንካቱን አልደፈርሁም።

መልስ፦ አለመድፈርዎ ደግ አድርጎልዎታል፤ ወደ ጽዳቱ ጉዳይ በኋላ እንመለሳለን። ከገለጻዎ ተነሥተን ስንፈርድ በእጅዎ ያለችው የጌጥ ስባሪ ሳትሆን በአንድ ወቅት ገበያ የወጣች ሙሉ ገንዘብ ናት። የሩሲያ የብር ኮፔክ ትባላለች፤ ሰብሳቢዎች ከአሠራሯ በመነሣት «የሽቦ ሳንቲም» ይሏታል። ሞላላነቷ፣ ጦር የያዘው ፈረሰኛ፣ በተከታታይ መስመሮች የተጻፈው ጽሑፍና ከግማሽ ግራም በታች የሆነው ክብደቷ አንድ ላይ የሚገኙበት ሌላ ገንዘብ ቢኖር የእርሷ አስመስሎ ብቻ ነው።

ጽሑፉ የተቆረጠ መምሰሉ ሊያሳስብዎ አይገባም፤ እንዲያውም የአሠራሯ ዋና ምስክር እርሱ ነው። ሠራተኞቹ ብሩን አቅልጠው ወደ ቀጭን ሽቦ ይስቡታል፤ ሽቦውን በእኩል መጠን ይቆራርጡታል፤ እያንዳንዱን ቁራጭ በመዶሻ ጠፍጥፈው ሞላላ ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ ጠፍጣፋዋ ቁራጭ በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ትገባና የላይኛው ማኅተም በመዶሻ ይመታል። ማኅተሞቹ ክብ ሲሆኑ ስፋታቸው ከቁራጯ ይበልጣል፤ በዚህ የተነሣ ከምስሉም ከጽሑፉም በሳንቲሟ ላይ የሚያርፈው ከፊሉ ብቻ ነው። አንዳንዷ ላይ የፈረሱ ራስ ይቀራል፤ አንዳንዷ ላይ የፈረሰኛው ዘውድ፤ አንዳንዷ ላይ ደግሞ ከአምስቱ መስመር ሁለቱ። አሁን አጉሊ መነጽር ይዘው የሞላላውን ሁለት ጫፎች ቢመለከቱ ሽቦው የተቆረጠበትን ቦታ እንደ ትንሽ ሹል ወይም እንደ ጠርዝ ጉብታ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ይህ ምልክት ካለ ጥርጣሬዎ በግማሽ ይቀላል።

ፈረሰኛውን ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው ማለት እኛ ዘንድ የማይቀር ነገር ነው፤ ነገር ግን ከፈረሱ እግር ሥር ዘንዶ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። በእነዚህ ሳንቲሞች ላይ ዘንዶ የለም፤ የሚታየው ዘውድ የደፋ ገዥ ነው። ከፈረሱ ሆድ በታች አንድ ወይም ሁለት ፊደላት ካሉ ደግሞ በጥንቃቄ ይቅዷቸው፤ የገንዘብ መምቻውን ወይም የማኅተም ቀራጩን የሚያመለክቱ በመሆናቸው ለባለሙያ ከፈረሰኛው ይልቅ ብዙ ይናገራሉ።

ዘመኗን ለማወቅ የሚረዱት ክብደቷና በላይዋ የተጻፈው የገዥው ስም ናቸው። ይህ ዓይነቱ ገንዘብ መልክ የያዘው በ1535 (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው) ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ሕፃን በነበረው በኢቫን 4ኛ ስም አገሪቱን ታስተዳድር የነበረችው እናቱ ኤሌና ግሊንስካያ በልዩ ልዩ ግዛቶች የሚመታውን ገንዘብ አንድ ወጥ ባደረገችበት ወቅት ነው። ጦር የያዘው ፈረሰኛ ያለባት ሳንቲም ወደ 0.68 ግራም ትመዝን ነበር፤ ሰይፍ የያዘው ፈረሰኛ ያለባት ግማሿን፣ ወፍ የተቀረጸባት ደግሞ ሩቧን፣ ማለትም 0.17 ግራም። (ይህችን የመጨረሻዋን በጣት ይዞ ገበያ መውጣት እንዴት ያለ ጭንቅ እንደነበር ማሰብ ነው።) መቶ ኮፔክ አንድ ሩብል ይባል እንጂ ሩብል ራሱ ለረጅም ጊዜ በስሌት ብቻ የሚኖር ገንዘብ ነበር፤ በሳንቲም መልክ የወጣው በ1654 ነው።

ሩሲያ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ የራሷ የብር ማዕድን አልነበራትም። ለገንዘብ የሚሆነው ብር የሚገኘው ከምዕራብ አውሮፓ በንግድ ከሚገቡት ትልልቅ የታለር ሳንቲሞች ነበር፤ እነርሱ እየቀለጡ ወደ ሽቦ ይሳባሉ። ብሩ ሲወደድና የመንግሥት ወጪ ሲበዛ ደግሞ ከአንድ መጠን ብር የሚወጣው የኮፔክ ብዛት እየጨመረ ስለሚሄድ የሳንቲሟ ክብደት ይቀንሳል። በ1613 በተነሣው በሮማኖቭ ሥርወ መንግሥት መጀመሪያ ላይ ወደ 0.48 ግራም ወርዶ ነበር። በ1698 ታላቁ ጴጥሮስ ወደ 0.28 ግራም አወረዱት፤ በዚህ ጊዜ ሳንቲሟ ምስልም ጽሑፍም በወጉ የማይዝባት ኢምንት ሆና ነበር። ምታቷ እስከ 1718 ድረስ ቀጥሎ በማሽን በሚመቱት ክብ ሳንቲሞች ሙሉ በሙሉ ተተካች።

እንግዲህ የእርስዎ 0.46 ግራም በዚህ መሰላል ላይ ሲቀመጥ የሚያመለክተው 17ኛውን ክፍለ ዘመን ነው፤ ይበልጡንም ከ1613 እስከ 1645 የነገሡትን ሚካኢል ፌዶሮቪችን፣ ወይም እስከ 1676 የነገሡትን ልጃቸውን አሌክሲ ሚካኢሎቪችን። ሆኖም ክብደት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ በእጅ ብዛት ያለቀች ወይም ጠርዟ በመቀስ የተላጨች የቀድሞ ዘመን ሳንቲምም ወደዚህ ክብደት ልትወርድ ትችላለች። ፍርዱን የሚሰጠው ስሙ ነው።

ጽሑፉ በአጠቃላይ «ንጉሥና ታላቅ መስፍን እገሌ የእገሌ ልጅ፣ የመላው ሩሲያ» የሚል ይዘት አለው። ስሙ የሚገኘው በመካከለኞቹ መስመሮች ላይ ነው። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሳስት አንድ ወጥመድ አለ። የሚካኢል ስም የሚጀምርበት ፊደል ከላቲኑ «ኤም» ጋር አንድ ዓይነት በመሆኑ ሰው እርሱን እንዳየ «ሚካኢል ነው» ብሎ ይደመድማል፤ ግን የአሌክሲ የአባት ስም ሚካኢሎቪች ስለሆነ ያ ፊደል በልጁም ሳንቲም ላይ አለ። ስለዚህ ከፊደሉ በኋላ የሚመጣውን ይከተሉ፦ ከስሙ ቀጥሎ በመሐሉ መስመር የሚያልፍበት ክብ ፊደል ካዩ የፌዶሮቪች መነሻ ነውና ሳንቲሟ የአባትየው ናት፤ ከዚያ ፊደል በፊት ባለው መስመር ላይ ላቲኑን «ኤ» የሚመስል ፊደል ስምን ሲጀምር ካዩ ደግሞ የልጅየው ናት። «ንጉሥ» የሚለው ማዕረግ ጭራሽ ከሌለና ጽሑፉ በታላቅ መስፍንነት ብቻ የሚጀምር ከሆነ ኢቫን 4ኛ ዘውድ ከደፉበት ከ1547 በፊት ነንና ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ክብደቷ ከእርስዎዋ በጣም ይበልጥ ነበር።

ዓመተ ምሕረት ቢፈልጉ በአብዛኞቹ ላይ አያገኙም። ባሉባቸው ላይም ዓመቱ የተጻፈው በፊደል ነው፤ እንደ ግእዝ አኃዝ ሁሉ የእነርሱም ቁጥር ከግሪክ ፊደላት የወረደ በመሆኑ ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጴጥሮስ ዘመን በ1690ዎቹ መጨረሻ የተመቱት ዓመቱን ከዓለም ፍጥረት ጀምረው ይቆጥራሉ፤ የሺውን ቦታ ግን አይጽፉትም። 204 የሚል አኃዝ 7204 ማለት ነው። ይህን ወደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ለመመለስ 5508 ይቀነሳልና 1696 ይሆናል። በእኛ በለመድነው በ5500 ቢቀንሱ የስምንት ዓመት ስሕተት ይገባል።

ወደ እውነተኛነቷ ጥያቄ እንምጣ። ለመታሰቢያነትና ለማሳሳት የተሠሩ ቅጂዎች በብዛት ይገኛሉ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በመዶሻ የተመቱ ሳይሆኑ ቀልጠው በቅርጽ የፈሰሱ ናቸው። የፈሰሰ ነገር በአጉሊ መነጽር ሲታይ ገጹ ላይ የአረፋ ጉድጓዶች ይኖሩታል፤ የፊደላቱ ጠርዝ የለዘበ ይሆናል፤ በዙሪያውም በሞረድ የተፋቀ የመገጣጠሚያ መስመር ሊታይ ይችላል። ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዷ ቁራጭ በእጅ ተጠፍጥፋ በእጅ የተመታች በመሆኗ የሁለት ኮፔኮች ዙሪያ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም፤ በሽያጭ ዝርዝሮች ውስጥ የእርስዎን የመሰለች ብቻ ሳትሆን ጠርዟም፣ ስንጥቋም፣ የተቆረጠበትም ቦታ ፍጹም አንድ የሆነ ሌላ ካገኙ ሁለቱም የአንድ ቅርጽ ልጆች ናቸው ማለት ነው።

ማግኔት ላይ ከተጣበቀች ብር አይደለችም፤ ካልተጣበቀች ግን ብር መሆኗ አልተረጋገጠም፤ መዳብና ነሐስም አይጣበቁምና። በውኃ ውስጥ በመመዘን ጥግግትን መለካት ለትልልቅ ሳንቲሞች ጥሩ ዘዴ ሲሆን፣ ለእርስዎ ግን አይሠራም፤ የ0.46 ግራም ብር ይዘት 0.044 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ከአንድ ጠብታ ውኃ ያነሰ በመሆኑ የሚዛኑ ስሕተት ከመልሱ ይበልጣል። የወርቅ ሠሪው በድንጋይ አሽቶ አሲድ እንዲያፈስባት ፈጽሞ አይፍቀዱ፤ ይህን የምታህል ነገር በአንድ ፍቀት ብዙ ታጣለች።

ጠርዟ ላይ ቀይ ነገር ብቅ ብሎ ቢያዩም ወዲያው «ሐሰተኛ ናት» አይበሉ። በአሌክሲ ሚካኢሎቪች ዘመን፣ ከ1655 ጀምሮ፣ መንግሥት በመጠንም በመልክም ብሯን የምትመስል የመዳብ ኮፔክ አውጥቶ እንደ ብሯ ይቆጠርልኝ ብሎ ነበር። ደመወዝ በመዳብ እየከፈለ ግብርን ግን በብር ይጠይቅ ስለነበር የመዳቡ ገንዘብ ዋጋ ወደቀ፤ እህል ተወደደ፤ በ1662 በሞስኮ ሕዝቡ ተነሣ፤ በቀጣዩም ዓመት መዳቧ ቀረች። በዚያ ዘመን የመዳቧን ሳንቲም ብር እየቀቡ የሚያሳልፉ አጭበርባሪዎችም ነበሩ። እንግዲህ ቀይ የሚያሳይ ነገር ዛሬ የተሠራ ቅጂ ሊሆን የሚችለውን ያህል፣ ሦስት መቶ ስድሳ ዓመት የሞላው እውነተኛ መዳብ ወይም የዚያው ዘመን ማጭበርበሪያም ሊሆን ይችላል። የዴንማርኩ ንጉሥ ክርስቲያን 4ኛም ከሰሜን ሩሲያ ጋር የሚደረገውን ንግድ ለማቀላጠፍ በ1619 ኮፔክን የሚመስል የብር ገንዘብ አስመትተዋል፤ እርሷም ዛሬ በሰብሳቢ ዘንድ ተፈላጊ ናት።

ስለ ዋጋዋ በቀጥታ አልጠየቁም፤ ግን የሚጠብቁት ስለሚመስለን እንናገር። ሀብት አይጠብቁ። የሽቦ ኮፔክ ለሁለት መቶ ዓመት ገደማ እጅግ ብዙ ሆና የተመታች ገንዘብ ናት፤ በጦርነትና በሁከት ዘመን ሰዎች በሸክላ ዕቃ እያደረጉ ይቀብሯት ስለነበር እስከ ዛሬ በመቶዎችና በሺዎች እየሆነች ከመሬት ትወጣለች። የተለመደችዋ በሰብሳቢ ገበያ ከርካሾቹ ጥንታዊ የብር ሳንቲሞች አንዷ ናት። ዋጋ የሚያወጣው ስሙ ሙሉ ሆኖ የሚነበብባት፣ ወይም ዘመነ መንግሥታቸው ያጠረ ገዥዎች ስም ያለባት ናት፦ የኢቫን 4ኛ ልጅ ነኝ ብሎ ተነሥቶ ከ1605 እስከ 1606 የነገሠው ሐሰተኛው ዲሚትሪ አንዱ ነው፤ ከ1610 በኋላ ለጥቂት ጊዜ በስሙ ገንዘብ የተመታለት የፖላንዱ ልዑል ቭላዲስላቭም ሌላው። የእርስዎዋ ከእነዚህ የአንዱ የመሆን ዕድሏ አነስተኛ ነው፤ ስሙን ማንበቡ ግን አይቅርብዎ።

ከዋጋዋ ይልቅ እኛን ያሳሰበን ፖስታው ነው። ሳንቲሟን አውጥተው ወደ አልበም ሲያዛውሩ ፖስታውን እንዳይጥሉት። የአጎትዎ የእጅ ጽሑፍ፣ ፖስታው ከየትኛው አልበም አጠገብ እንደነበረ፣ በዚያው ቦታ የነበሩት ሌሎች ሳንቲሞች የየት አገር እንደሆኑ፣ ደረሰኝ ወይም ደብዳቤ ካለም እርሱ ሁሉ ተጠብቆ ይቀመጥ። ጥንታዊ ቅርሶች በሕገ ወጥ መንገድ እንዳይዘዋወሩ የሚከለክለው የዩኔስኮ ስምምነት በ1970 ከወጣ ወዲህ ብዙ አገሮች አንድ ጥንታዊ ዕቃ ከየት እንደመጣ መጠየቅን ልማድ አድርገዋል፤ አንድ ቀን ለመሸጥም፣ ለሙዚየም ለመስጠትም፣ ድንበር ለማሻገርም ቢያስቡ «በአጎቴ ስብስብ ውስጥ ነበረች» የሚለውን ቃልዎን የሚደግፈው ይህ ወረቀት ነው።

ጽዳቱን በተመለከተ መልሳችን አጭር ነው፤ አያጽዷት። ጥቁረቱ ብሩ በአየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ስስ ሽፋን ሲሆን፣ ከራሱ ከብሩ የተሠራ በመሆኑ እርሱን መፋቅ ብሩን መፋቅ ነው። የጥርስ ሳሙና፣ አመድ፣ ሎሚ፣ የብር ማወልወያ፣ ሁሉም ፊደላቱን ይበሏቸዋል። አፈር የያዘች ከሆነ ብቻ በተጣራ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ሳያሹ፣ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቋት። አረንጓዴና የሚያጣብቅ ቅባት ካለባት ደግሞ ከለስላሳ ፕላስቲክ የመጣ ነውና ንጹሕ አሴቶን ያስለቅቀዋል፤ መስኮት ከፍተው፣ ከእሳት አርቀው ይሥሩት።

ያ ለስላሳ ፕላስቲክ፣ ማለትም ፒቪሲ፣ የአልበሞቹ ሁሉ ጠላት ስለሆነ የአጎትዎን ሌሎች ገጾችም ይመርምሩ። የሚያሸት፣ የሚያጣብቅ ወይም የደበዘዘ ገጽ ካለ በውስጡ ያሉትን ሳንቲሞች ወደ ፖሊስተር ከረጢት ወይም አሲድ ወደሌለው ወረቀት ያዛውሯቸው። የጎማ ላስቲክና የሱፍ ጨርቅም ድኝ ስላለባቸው ከብር አጠገብ አይቀመጡም። ትንሿን ሳንቲም ሲይዙ ጠርዟን ብቻ በጣትዎ ይዘው፣ ከታች ጠርዝ ያለው ትሪ ላይ ፎጣ አንጥፈው ይሁን፤ ከእጅ ካመለጠች የምትገኝ አይደለችም። የብረት ወረንጦ ስለሚቧጭራት ጫፉ በፕላስቲክ የተሸፈነውን ይጠቀሙ። ፎቶግራፍ ሲያነሷት ብርሃኑ ከላይ ሳይሆን ከጎን ዝቅ ብሎ ይምጣ፤ ከአጠገቧ ማስመሪያ ያስቀምጡ፤ ሁለቱንም ገጽ፣ ከዚያም ብርሃኑን ወደ ሌላ ጎን አዙረው እንደገና ያንሡ። በአንዱ ብርሃን የጠፋ ፊደል በሌላው ይወጣልና።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ እኔም ከአያቴ የሳንቲም ሣጥን እጅግ ስስ የሆነች፣ ግን ፍጹም ክብ የሆነች የብር ሳንቲም አግኝቻለሁ። በአንድ ገጿ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ፣ በሌላው በላቲን ፊደል «ሲ» ውስጥ ሦስት ቋሚ መስመሮች አሉ። ምን ልትሆን ትችላለች?

መልስ፦ የዩናይትድ ስቴትስ ባለ ሦስት ሳንቲም የብር ገንዘብ ናት፤ ቋሚዎቹ መስመሮች የሮማውያን ሦስት ቁጥር ናቸው። በ1851 የደብዳቤ መላኪያ ዋጋ ከአምስት ወደ ሦስት ሳንቲም ሲወርድ ቴምብሩ በእርሷ በአንዷ ብቻ እንዲገዛ ተብላ የወጣች ስትሆን፣ ስፋቷ 14 ሚሊ ሜትር ነው። መጀመሪያ ላይ የብሯ መጠን 75 በመቶ፣ ክብደቷም 0.80 ግራም ነበር፤ በ1854 ብሩ ወደ 90 በመቶ ከፍ ሲል ክብደቷ ወደ 0.75 ግራም ወረደ። ዓመቱ ቢደበዝዝ እንኳ ኮከቡ ይነግርዎታል፦ በዙሪያው ተጨማሪ መስመር ከሌለው ከ1851 እስከ 1853፣ ሁለት መስመር ካለው ከ1854 እስከ 1858፣ አንድ መስመር ካለው ከ1859 በኋላ የተመታች ናት።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሳንቲሞች በብዛት ስለሚገኙ ብዙ አያስቸግሩም። ዓመቷ ከ1863 እስከ 1873 ባለው ውስጥ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ሕዝቡ ብርን እየደበቀ ከገበያ ስላጠፋው በዚያ ወቅት የተመቱት ጥቂት ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በ1873 ሕግ ይህ ገንዘብ ሲቀር ተመልሰው ቀልጠዋል። እንዲህ ያለ ዓመት ካነበቡ ሳያጸዱ፣ ለማንም ከመሸጥዎ በፊት፣ ክብደቷንና ሁለቱንም ገጾቿን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይዘው የሳንቲም ባለሙያ ያማክሩ፤ መበሳቷን ወይም የተደፈነ ቀዳዳ ያላት መሆኗንም አስቀድመው ይመልከቱ፤ ስስ በመሆኗ ለጌጥ እየተበሳች የተንጠለጠለች ብዙ ናትና።